የሕፃን ብሩሽ

ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ ሰዓት ጠጋኙን አልፎ፣
አየልኝ አንጥረኛው በነጭ ጥጥ ላይ አሰልፎ
ሦስት መረግድ አሳየን። እንዳላማው ትልቁን
አነሣ፤ ወደደው፣ ጥርት ያለ መልኩን።
እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት ከዳር ካለችው ከትንሿ፣
ጉም የገባባት ከሆዷ፣ ሽበት ያላት ከራሷ፤
ክረምት ሲወጣ ግንቡ ላይ የሚቀረውን ዓይነት
የድንጋይ ሽበት፣ ዝናብ የጻፈው ምልክት።

«ጠባሳ አላት» አለ እንዳላማው። አየልኝ መነጽሩን
ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሣቀ፦ «ጌታው፣ ልንገርህ እውነቱን፤
ጠባሳ የሌለው መረግድ ካገኘህ ጠርጥረህ ያዘው፤
ወይ ዋጋው ቤት ያሸጣል፣ ወይ የጠርሙስ ዘመድ ነው።
ይቺ ከሻኪሶ መጣች፣ ከጥቁር ጭቃ ወጥታ፤
የምጧን ምልክት ይዛለች፣ አልሸሸገችም ዋሽታ።»

ምጥ ሲል ቀና አልኩ። አዋላጅ ነኝ፤ ያንን ቋንቋ አውቀዋለሁ።
«ይቺን» አልኩት፤ «ከነምልክቷ እኔ እሷን አጠልቃለሁ።»

እናቱ ሲሰሙ ጊዜ፦ «ወርቁስ ይሁን፣ ይገባል፤
ድንጋይ በገንዘብ መግዛት ግን ምን ዓይነት ዕብደት ይባላል?
ጎንደር ላይ ድንጋይ ጠፋ ወይ? ግንቡን አላየሽም ልጄ?»
ይስቃሉ፤ ግን በጎን ያያሉ ወደ እጄ።

በጥፍር እንዲይዛት እንቢ አልኩ፤ ጥፍር ጓንት ይቀድዳል፤
«ዙሪያዋን በወርቅ ክበባት፤ ጠርዟ ከተሸፈነ ማን ይጎዳል?
ጥምቀተ ባሕሩ ቅጥር ላይ የዋርካው ሥር ድንጋዩን
እንዳቀፈ አይተሃል አይደል? እንደዚያ አድርገው ወርቁን፤
ይጥበቅ፣ ግን አያስጨንቃት።» አየልኝ ዝም ብሎ ሰምቶ
በሳምንቱ ደወለልን፣ ሥር ያለው ቀለበት ሠርቶ።

ሲያስረክበኝ እንደ ሐኪም ትእዛዙን ቆጠረልኝ፦
«አትጠገብ፣ የፈላ ውሃ አትወድም። በረኪና አይንካብኝ።
ስንጥቋ ዘይት ጠጥቷል፤ አልኮል ዘይቱን ይመጥጣል፤
ዘይቱ ሲደርቅ ጉሙ ይነጣል፣ አረንጓዴው ይሞታል።
የሚያንቀጠቅጥ ማጠቢያ ያለው ቢለምንሽ አትስጪያት፤
ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ አድርጊላት።»

ሣቅሁ። በአንድ ሌሊት እጄን አርባ ጊዜ አልኮል ይነካዋል።
ስለዚህ ተረኛ ስሆን አውልቄ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣
ከሣጥኔ አስቀምጣለሁ፤ ቆልፌ፣ ደግሞ ለማየት ዞሬ።

አንድ ንጋት ሊወስደኝ መጣ፣ ብርድ ነበርና ጋቢ ለብሶ፤
ባዶ ጣቴን አየና ሄደ፣ አንገቱን ወደ ማዶ መልሶ።
እስከ አራዳ አልተናገረም።
                    እኔም።
ከአራዳ ወዲያ ግን ደከመኝ፦
«የማወልቃት እንድትቆይ ነው።
ትናንት ከደምቢያ የመጣችው ጣቴን ጨብጣ ነው ያማጠችው፣
እስኪነጋ። ቀለበት ቢኖርበት የማንን ሥጋ ይቆርጥ ነበር?
የእሷን ነው? የእኔን?»
የነጠላዬን ጫፍ ሰጠሁት። ቋጠሮው ጠብቆበት
በጥርሱ ፈታው። ሣቀ፣ አፉ ውስጥ ነጠላዬ እያለበት።

ያም ሆኖ ዓመት ሳይሞላት ደበዘዘች። አንዳንዴ እረሳለሁ፤
ሰው ነኝ፤ ደም ሲፈስስ እያየሁ ስለ ድንጋይ እንዴት አስባለሁ?
አየልኝ ተቀብሎን፣ ዘይት ውስጥ አሳድሮ መለሰልኝ፤
ሂሳብ ስንጠይቀው እጁን አወዛወዘብኝ፦
«ስንጥቅ አይድንም፤ ይጠማል።
ሲጠማት ይዛችሁ ኑ። ለዘይት ማን ያስከፍላል?»

ስንመለስ ከሆስፒታሉ ማዶ ከአንድ ሱቅ ገባን፣ ለብሩሽ።
«የሕፃን ይሁን፣ የማይፍቅ፣ ለስላሳ ካለሽ።»
ባለሱቋ ሆዴን በዓይኗ ለክታ፣ ገምታ፣
ቢጫ ብሩሽ አወረደች ከመደርደሪያው ተንጠራርታ።
«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።
እኔ ዝም። እንዳላማው ግን
ጣቴን ይዞ፣ ድንጋዩን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፦
«ከግንቡ ይበልጣል» አላት።

«እና እስከ ዛሬ ጥርሱን ሳይቦርሽ?» አለች ባለሱቋ፣
ሳትስቅ፤
መልሳችንንም ቆጥራ ሰጠችን።